«ዕጢ» እና «ንቅሳት»፦ በሆድ ቀዶ ጥገና ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

ላፓሮስኮፒ በተባለው የቀዶ ጥገና ዘዴ የሐኪሙ እጅ ወደ ሆድ ዕቃ አይገባም። በትንንሽ ቀዳዳዎች ካሜራና ቀጫጭን መሣሪያዎች ይገባሉ፤ ሐኪሙም ምስሉን በቴሌቪዥን እየተመለከተ ይሠራል። ሆድ ሲከፈት በጣት ዳሰሳ ይገኝ የነበረ ትንሽ ዕጢ የሚበቅለው በአንጀት የውስጥ ገጽ ላይ በመሆኑ ከውጭ ለሚያይ ካሜራ ይሰወራል። ቦታው ከተሳተ ጤነኛው አንጀት ተቈርጦ የታመመው ሊቀር ይችላል። ይህን ሙያ ወደ አማርኛ ከሚመልስ ተርጓሚም የሚጠበቀው ያው ጥንቃቄ ነው። ከዚህ በታች ሦስት ስያሜዎችን እንመረምራለን።

የመጀመሪያው የዘዴው ስም ነው። «ሆድ ሳይቀደድ የሚደረግ ሕክምና» የሚለው አገላለጽ ያሳስታል፤ ሆድ ይበሳል፣ አንጀትም ይቈረጣል። የቃሉን ሥር ተከትሎ መተርጐምም አይበጅም፤ በግሪክኛ «ላፓራ» ሽንጥ፣ «ስኮፔይን» መመልከት ስለ ሆነ «ሽንጥ መመልከት» ከማለት በቀር የሚገኝ ፍሬ የለም። ስለዚህ «ላፓሮስኮፒ» እንዳለ ተወስዶ ፍችው «በቀዳዳ የሚደረግ የሆድ ቀዶ ጥገና» ቢባል ይሻላል።

ሁለተኛው «ዕጢ» ነው። ቃሉ ላብ የሚያመነጨውንም የተፈጥሮ አካል፣ ያለ ቦታው የበቀለውንም ሥጋ ይጠራል። ከፋርጣ ወይም ከላይ ጋይንት ወደ ደብረ ታቦር የመጣ ሕመምተኛ «የዕጢ ቦታ መለየት» የሚል የስምምነት ወረቀት ቢሰጠው የትኛው እንደ ሆነ ከቃሉ አያገኘውም። ሕዝቡ ግን ሲናገር አይደናገርም፤ የተፈጥሮው ሲሆን «አለው»፣ የበሽታው ሲሆን «በቀለበት» ይላል። ልዩነቱን የሚሸከሙት ግሱና «-በት» የተባለው ምዕላድ ናቸው። ተርጓሚው ሐረጉን ሁሉ ወደ ስም ሲለውጥ ይህን መለያ ይጥላል። ስለዚህ «አንጀት ላይ የበቀለ ዕጢ» ብሎ መጻፍ ይገባል፤ ዕጢ ሁሉ ካንሰር ስላልሆነም ሁለቱን ቃላት ማቀያየር አይፈቀድም።

ሦስተኛው የማመልከቻው ስም ነው። ከቀዶ ጥገናው በፊት በፊንጢጣ በኩል በሚገባ መመልከቻ አማካይነት ከካርቦን የተዘጋጀ ጥቁር ቀለም በመርፌ ወደ አንጀቱ ግድግዳ ይሰጣል፤ ቀለሙም በውጭ በኩል ይታያል። «ዕጢው በዚህን ያህል ሳንቲ ሜትር ላይ ነው» ብሎ መጻፍ ብቻውን አይታመንም፤ አንጀት ይለጠጣል፣ ይጨማደዳልም። ይህን ሥራ «ቀለም መቀባት» ማለት ስሕተት ነው፤ የተቀባ ከላይ ሆኖ ይታጠባል። «ምልክት ማድረግ»ም እጅግ ሰፊ ነው። በደቡብ ጎንደር ደጋ በእናቶች አንገትና ድድ ላይ የምናየው ንቅሳት በመርፌና በጥላሸት የሚሠራ፣ ከቆዳ ሥር ገብቶ የሚቀር ነው። ጥላሸትም ካርቦን ነው። መሣሪያው፣ ቀለሙና ዘላቂነቱ ስለሚገጥሙ «ንቅሳት» የተዘጋጀ አቻ ቃል ነው።

ይሁንና አንድ እንቅፋት አለ። «ነቀሰ» እሾህን ማውጣትም ነው። «ዕጢው ተነቀሰ» ተብሎ ቢጻፍ አንዱ አንባቢ ቀለም ተሰጠው፣ ሌላው ተነቅሎ ወጣ ብሎ ሊረዳው ይችላል። መፍትሔው ከሙያው ይገኛል፤ የሚነቀሰው ዕጢው ሳይሆን በአጠገቡ ያለው ግድግዳ ነው። ስለዚህ «አንጀቱ ከዕጢው ወደ ፊንጢጣ በኩል ተነቀሰ» ይባል። «ከዕጢው በታች» ማለት አይበቃም፤ ለተኛ ሕመምተኛ «ታች» የቱ እንደ ሆነ አይለይምና። በአንድ ከተማ የተመረመረ ሕመምተኛ ጎንደር ወይም ባሕር ዳር ቢቀደድ ሐኪሙን የሚመራው ንቅሳቱና ይህ ዐረፍተ ነገር ነው።

ተሰማ ሀብተ ሚካኤል በ1951፣ ደስታ ተክለ ወልድ በ1962 ዓ.ም. መዝገበ ቃላታቸውን ሲያሳትሙ ላፓሮስኮፒ ለአንጀት ቈረጣ ገና አልዋለም ነበር። የጐደለውን መሙላት የእኛ ፈንታ ነው። በበኩላችን የሚከተለው እንዲመዘገብ እናቀርባለን፦

የአንጀት ንቅሳት፦ ዕጢ የበቀለበት ቦታ በቀዶ ጥገና ጊዜ እንዲታወቅ፣ በዕጢው አጠገብ ባለው የአንጀት ግድግዳ ውስጥ በመርፌ የሚሰጥ ዘላቂ ቀለም።