አድማና ጓዳ
ስለ ጆን ጎልስዎርዚ ተውኔት የቀረበ ሒስ

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ይላል ያገራችን ሰው። ተረቱ ስለ ኅብረት የተነገረ እውነት ነው። ነገር ግን ከሃምሳው አንዱ፣ ልጁ በቤት እየራበው፣ የደረሰችውን አንዲት ሎሚ ሊሸጥ ቢነሣ ምን ሊባል ነው? ከዳተኛ ነውን? ወይስ ችግረኛ? ስለ ሥራ ማቆም አድማ የሚጽፍ ደራሲ ሁሉ ይህን ጥያቄ ሳይመረምር ሊያልፍ አይገባውም።

ጥያቄው ለከተማችን እንግዳ አይደለም። በየካቲት ወር 1966 ዓ.ም. የቤንዚን ዋጋ በመጨመሩ የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ አቆሙ፤ መንግሥትም ጥቂት ቀን ቈይቶ ከጭማሪው ከፊሉን ቀነሰ። በዚያው ወር መጨረሻ፣ በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር የጠራው ጠቅላላ አድማ ተከተለ። በየካቲት 2008 ዓ.ም. ደግሞ ታክሲ ነጂዎች አዲሱን የትራፊክ ደንብ በመቃወም መኪናቸውን ቢያቆሙ፣ የደንቡ አፈጻጸም ለጊዜው እንዲዘገይ ተደረገ።

ይሁን እንጂ ከደምበል ሕንፃ አጠገብ ተሳፋሪ የሚጭነው የሚኒባስ ነጂ ብዙውን ጊዜ መኪናው የራሱ አይደለም። ማታ ለባለ ንብረቱ የሚያስረክበው የቀን ገቢ አለበት፤ የእርሱና የረዳቱ እንጀራ ከዚያ የተረፈው ነው። ስለዚህ ለእንዲህ ያለው ሰው ማኅበሩ «እንቁም» ሲለው ጓዳው «ሂድ» ይለዋል።

ይህን የጓዳ ሒሳብ ወደ መድረክ ካወጡት ደራሲያን አንዱ እንግሊዛዊው ጆን ጎልስዎርዚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1909 ለንደን ላይ የታየው ተውኔቱ «ስትራይፍ» ይባላል፤ በኛ ቋንቋ «ጠብ» ማለት ነው። የአንድ ቆርቆሮ ፋብሪካ ሠራተኞች በብርዱ ወራት ሥራ አቁመዋል። ማኅበራቸው ጥያቄያችሁ በዝቷል ብሎ እርዳታውን ከልክሏቸዋል። መሪያቸው ሮበርትስ አልታጠፍም ይላል፤ የኩባንያው ሊቀ መንበር ሽማግሌው አንቶኒም እንደዚሁ። በመካከሉ ልበ ደካማይቱ የሮበርትስ ሚስት አኒ፣ ብርዱንና እጦቱን መቋቋም ተስኗት፣ ባሏ ለሠራተኞቹ ንግግር በሚያደርግበት ሰዓት ትሞታለች። ከዚያ በኋላ ሠራተኞቹ መሪያቸውን፣ የኩባንያው ሹማምንትም ሊቀ መንበራቸውን ይተዋሉ። በመጨረሻም የተስማሙበት ውል ጠቡ ሳይጀመር ለሁለቱም ወገን ቀርቦ የነበረው ያው ውል ሆኖ ይገኛል።

የተውኔቱ ታላቅነት በአዳራሹ ንግግር ብቻ ሳይወሰን፣ እሳት ወደ ጠፋበት ምድጃ ተመልካቹን መውሰዱ ነው። ማጅ የምትባለው ልጃገረድ የሚወዳት ወጣት አድማውን እንዲተው ፍቅሯን መያዣ አድርጋ ትለምነዋለች። ይህን የምታደርገው ስለ አኒ ሥቃይ ስትል ነውና ደራሲው ወራዳ አድርጎ አላቀረባትም። ከሮበርትስ ጽናት ጋር የእርሷን ርኅራኄ እኩል አክብሮ ማሳየቱ እጅግ የሚያስመሰግነው ነው።

ሆኖም አንድ ጉድለት አለበት። ጎልስዎርዚ ጥፋቱን ሁሉ በሁለት ግትር ሰዎች ትዕቢት ላይ ስለሚጥል፣ ተመልካቹ «አድማ ማለት ከንቱ ልፋት ነው» ብሎ ወደ ቤቱ እንዲመለስ ያደርገዋል። የማኅበሩን እርዳታ መከልከል የነገሩ መነሻ ያደርገዋል እንጂ ጠልቆ አይመረምረውም። ዋናው ቁም ነገር ግን እዚህ ላይ ነበር። የአኒ ቤት የቀዘቀዘው ሰዎች ስለ ተባበሩ አይደለም፤ የኅብረቱን ዋጋ እያንዳንዱ ቤት ለብቻው እንዲከፍል በመተዉ ነው። የእኛ ታክሲ ነጂዎች በ1966 ዓ.ም. ውጤት ያገኙት ጥያቄያቸው አንድና ግልጽ ሆኖ፣ መልሱም የጓዳቸው ስንቅ ሳያልቅ ስለ ደረሰ ይመስለኛል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት ለማኅበር መሪ፣ ለአሠሪና ለደራሲ እኩል ይጠቅማል። አባሉን ሥራ አቁም የሚል ማኅበር አስቀድሞ ስንቱ አባል ስንት ቀን ያለ ደመወዝ ሊኖር እንደሚችል መቍጠርና መጠባበቂያ ገንዘብ ማኖር ግዴታው ነው። ይህን ሳያደርግ ወደ ሥራው የተመለሰውን ችግረኛ ከዳተኛ ብሎ መስደብ ፍርድ ማጓደል ነው። አሠሪም ቢሆን ረኀብ ያስገደደውን መመለስ እንደ ፈቃድና እንደ ስምምነት ሊቈጥረው አይገባም፤ ቂሙ ሌላ ቀን ይጠብቀዋልና። የ1966ቱን ዘመን በተውኔት ለማሳየት የሚነሡ ወጣት ደራሲያንም ከሰልፉና ከንግግሩ አስቀድመው፣ በዚያ ሳምንት ምሽት አንዲት የታክሲ ነጂ ሚስት በሞሰቧ ውስጥ ስንት እንጀራ እንደ ቀራት ይጠይቁ።