ትከሻ አይዋሽም

ባንድ ሲጫወት ሰው የሚያየው ድምፃዊውን ነው። እኔ መጀመሪያ የማየው ትከሻ ነው፤ ያውም ከመድረኩ ፊት የሚጨፍሩትን ሳይሆን ከኋላ ጥግ ይዘው የተቀመጡትን፣ ያዘዙት ገና ያልመጣላቸውን፣ የመነሳት ሐሳብ የሌላቸውን ሰዎች ትከሻ። እግር ይዋሻል፤ ጓደኛ ጎትቶ ያስነሳዋል። እጅም ይዋሻል፤ ድምፃዊው «እጅ ወደ ላይ!» ሲል በይሉኝታ ይነሳል። ትከሻ ግን ሰውየው ከጎኑ ካለው ጋር ወሬ ይዞ ሳለ ማንም ሳያዘው ንቅንቅ ካለ፣ ድራሙና ቤዙ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ችክችካን እንውሰድ። ስድስት ምት ነው፤ ጆሮ ግን አንዴ ሦስት ሦስት፣ አንዴ ሁለት ሁለት አድርጎ ይቆጥረዋል። እስክስታ የሚኖረው በእነዚህ ሁለት አቆጣጠሮች መሃል ነው። ደካማ ድራመር ቤቱ የቀዘቀዘ ሲመስለው ያፈጥነዋል። ሲፈጥን ያ መሃል ይጠፋል፤ ምቱ ጠፍጣፋ ሩጫ ይሆናል፤ የሚጨፍረው ሰው ትከሻውን ትቶ መዝለል ይጀምራል። ከሩቅ ላየው የሞቀ ይመስላል። ከሦስት ዘፈን በኋላ ግን ሁሉም ላብ በላብ ሆኖ ወንበሩን ይፈልጋል። ጥሩ ድራመር ቤቱ ሲቀዘቅዝበት እንዲያውም ቆጠብ ይላል። ቤዙን ያዳምጣል፣ ሲምባሉን ያቀለዋል፣ ለሰው ቦታ ይከፍታል።

ከምቱ ቀጥሎ ጆሮዬ የሚሄደው ወደ ቃሉ ነው። የአማርኛ ዘፈን ያለ ግጥሙ ግማሽ ነው፤ ሰሙ ካልተሰማ ወርቁ ከየት ይመጣል? ሚክሰሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ቤዙን ለቆት ድምፃዊው ውኃ ውስጥ የሚያወራ ሲመስል፣ መጀመሪያ የሚሞተው መጥበቅና መላላት ነው። «ይበላል» ሲል በላተኛው ነው ወይስ የሚበላው? «ገና» ሲል ያልመጣ ሰው እየጠበቀ ነው ወይስ በዓል እያከበረ? ይህን፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀውን ዘፈን ሲጫወቱ አትፈትኑት፤ አድማጩ ቃሉን ከራሱ እየሞላ ስለሚሰማ አይታወቅም። ሰምታችሁት የማታውቁትን ዘፈን ጠብቁና፣ አዳራሹ መሃል ቆማችሁ ሁለተኛውን ስንኝ ለጓደኛችሁ መድገም ከቻላችሁ ድምፁ ተስተካክሏል። ባንዶች ለዚህ ከቀኑ መምጣት አለባቸው። በር ከተከፈተ በኋላ «ቼክ፣ ቼክ» የሚል ባንድ ሲገጥመኝ ኮቴን አላወልቅም።

ከመድረክ ሆኖ ሰው ማንበብን በተመለከተ ከአዝማሪ የተሻለ አስተማሪ አላውቅም። አንድ ክር ባለው መሰንቆ፣ ያለ መብራትና ያለ ማጉያ፣ በገባ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ማን ሊከፍል እንደመጣ፣ ማን ከማን ጋር እንደተኳረፈ፣ ማን ዛሬ ሊነካ እንደማይገባ ያውቃል። «ተቀበል!» ሲሉት ይቀበላል፤ የተሰጠውን ስንኝ አሳምሮ ይመልሳል፣ አንዳንዴም ሰጪውን ራሱን ይሸነቁጠዋል። የሚያስቀው ስድቡ አይደለም፤ መታየቱ ነው። እንግዳው «ይህ ሰው አይቶኛል» ይላል። ስድስትና ሰባት ሆኖ የሚጫወት ባንድ ለእያንዳንዱ እንግዳ ስንኝ ይግጠም አልልም። የዘፈኖቹን ቅደም ተከተል ግን መቀየር ይችላል፣ አዝማቹን አንድ ዙር መጨመር ይችላል፣ ያልሠራውን ዘፈን ማሳጠር ይችላል። ስለዚህ በዘፈንና በዘፈን መካከል ያለውን ጊዜ እዩ። መሪው ወደ ሰው አይቶ ለኪቦርዱ በጣት ምልክት ከሰጠ፣ ሁሉም አንገታቸውን ቀና አድርገው ከተያዩ፣ ያ ባንድ በሥራ ላይ ነው። ሁሉም አጎንብሰው ወለሉ ላይ የተለጠፈችውን ወረቀት ካነበቡ ምሽቱን የሚመራው ወረቀቱ ነው።

አንድ ጊዜ በአንድ ሆቴል አዳራሽ መብራት ጠፋ። ከምሽቱ 5 ሰዓት ገደማ ነው፤ ዘፈኑ መሃል ላይ ነበር። ኪቦርዱ፣ ቤዙ፣ ጊታሩ፣ ማይኩ አንድ ላይ ዝም አሉ። ያልቆሙት ድራሙና ሳክስፎኑ ብቻ ነበሩ። ድራመሩ አላቆመም፣ ግን ድምፁን ወደ ግማሽ አወረደው፤ ልብ በሉ፣ አላደመቀውም። ሳክስፎኒስቱ የድምፃዊዋን ዜማ ተቀብሎ ቀጠለ። እሷ ማይኩን መሬት ላይ አስቀምጣ፣ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ወርዳ በጠረጴዛዎቹ መካከል እየዞረች በገዛ ጉሮሮዋ ዘፈነች። ቤዝ ተጫዋቹ የሞተውን ጊታር እንዳነገተ ያጨበጭብ ነበር። ሰው ስልኩን አውጥቶ ማብራት ጀመረ። ጄኔሬተሩ ሲነሳ አዳራሹ ደስ አለው ብላችሁ ነው? ቅር አለው እንጂ። መብራት መጥፋትን እንደ ቀልድ አድርጎ ስለ መብራት ኃይል የሚያወራ ድምፃዊም አይቻለሁ፤ እሱ ሰውን አስቆ ዘፈኑን አጣው። እቺ ግን አንድ ቃል አልተናገረችም።

አሁን ስለ ንግግር ካነሳን፣ «እንዴት ናችሁ! አልሰማችሁም! ድምፃችሁን አሰሙኝ!» የሚለው ልማድ የሚያደክመኝ ለዚህ ነው። ሰው ስላልሰማ አይደለም ዝም ያለው፤ የሚመልስበት ነገር ስላልተሰጠው ነው። እልልታ በትእዛዝ አይመጣም።

በፕሌይባክ የሚዘፍኑትን መለየት ብዙ ዕውቀት አይጠይቅም። ማይኩ ከአፍ ሲርቅ ድምፁ ካልቀነሰ፣ እየዘለለ ትንፋሽ ካልተሰማ፣ መልሱ ይታወቃል። ከዚህ በላይ ቀለም አላባክንበትም።

የበለጠ የሚያወያየው በምሽቱ መጨረሻ የሚመጣው የብሔር ብሔረሰቦች ዘፈን ድርደራ ነው። ጉራጌው፣ ኦሮምኛው፣ ትግርኛው፣ ወላይታው በተከታታይ ይጫወታሉ፤ ሕዝቡ በየተራው «የኛ!» ብሎ ይነሳል። በቀላሉ የሚሞቅ ሰዓት ስለሆነ በቀላሉ የሚያታልል ሰዓትም ነው። የማየው አንድ ነገር ነው፤ ዘፈኑ ሲቀየር የተቀየረው ምቱ ነው ወይስ ቋንቋው ብቻ? ድራመሩ አንድ ዓይነት ምት ይዞ ከጉራጌ ወደ ትግርኛ ከተሻገረ ለየትኛውም ሕዝብ አልተጫወተም። ያገሩ ሰው ይህን በደቂቃ ያውቀዋል። ይነሳል፣ ግን ጭፈራው አይመጣለትም፤ እጁን እያወዛወዘ ቆሞ ይቀራል። በተቃራኒው ምቱ ሲሰካ አንድ እናት ነጠላዋን ወገቧ ላይ አስራ ከየት መጣች ሳይባል መሃል ትገባለች።

የሁሉም ከባዱ ፈተና ግን ትዝታ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ ከምንላቸው አራቱ ቅኝቶች ሁሉ ባንድ የሚጋለጠው በትዝታ ነው፤ ምክንያቱም የሚያደርገው ነገር የለም። ዜማው የሁሉም ነው፣ ግጥሙን እያንዳንዱ ድምፃዊ የራሱን ያመጣል፣ አካሄዱ ዝግ ያለ ነው። ሥራው መጠበቅ ነው። ድምፃዊው ስንኙን ጨርሶ ሲተነፍስ ኪቦርዲስቱ ያንን ክፍተት በጌጥ ካልሞላሁ ብሎ ሲጣደፍ፣ ሰው ገና የራሱን ትዝታ ሳያነሳ ተቋረጠ ማለት ነው። ጥሩ ባንድ በዚያ ክፍተት ውስጥ ምንም አያደርግም። አዳራሹ ውስጥ የብርጭቆ ድምፅ ከተሰማ፣ አንድ ሰው ከረጅም ዝምታ በኋላ «እህ!» ካለ፣ ተሳክቶላቸዋል።

ያ ትዕግሥት ከየት እንደሚመጣ ሳስብ የድሮዎቹ የሆቴል ባንዶች ይታወሱኛል። ዋልያስ ሂልተን፣ ዳህላክ ግዮን፣ አይቤክስ ራስ ሆቴል ይጫወቱ በነበረበት በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ስለነበረ፣ የመጣ እንግዳ በር ተዘግቶበት እስኪነጋ ድረስ እዚያው ያድር ነበር። ሙዚቀኛውም አብሮት ያድራል። አንድን ክፍል ሰው ከምሽት እስከ ንጋት ይዞ ማደር፣ ማሞቅ፣ ማብረድ፣ ማሳረፍ፣ እንደገና ማንሳት በልምምድ ቤት የሚገኝ ትምህርት አይደለም። የዛሬ ባንድ 40 ደቂቃ ተሰጥቶት ሁሉንም ዘፈን በአንድ ሙቀት ቢያወርደው ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም። ግን 40 ደቂቃም ቢሆን ቁልቁለትና ዳገት ሊኖረው ይችላል።

ከዋልያስ አባላት ገሚሶቹ እ.ኤ.አ. በ1981 አሜሪካን ሲዞሩ እዚያው ቀሩ። አንዱ ኃይሉ መርጊያ ነው። ዋሽንግተን ውስጥ ለዓመታት ታክሲ ሲነዳ ኪቦርዱን መኪናው ውስጥ ይዞ፣ ደንበኛ እየጠበቀ ይለማመድ ነበር። በ1985 የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም ወደ መድረክ ተመለሰ። እሱ ሲጫወት ማየት ለሚችል ሰው የምለው፣ ጣቶቹን ሳይሆን ያልነካቸውን ቁልፎች ቁጠሩ ነው።

በውጭ ሀገር የሚኖረው አንባቢ ሌላ መለኪያ ያስፈልገዋል። ከእ.ኤ.አ. 1984 ጀምሮ በየዓመቱ በሚካሄደው የሰሜን አሜሪካ ኢትዮጵያውያን የስፖርት በዓል ሰሞን ድምፃዊው ከአዲስ አበባ ይመጣል፣ ባንዱ እዚያው ያለ ሊሆን ይችላል፣ አብረው የተለማመዱት ምናልባት አንድ ከሰዓት ነው። ስለዚህ መግቢያና መጨረሻ ቢላላ ይቅር በሏቸው። ይቅር የማይባለው፣ አዳራሹ ውስጥ ሁለት ትውልድ እንዳለ አለማየት ነው። እናትና አባት ቃሉን ያውቃሉ፤ እዚያ የተወለዱት ልጆች ምቱን እንጂ ቃሉን አያውቁም። የገባው ድምፃዊ አዝማቹን አንዴ ቀስ ብሎ፣ ሙዚቃውን አስቀንሶ ይደግመዋል፤ ልጆቹ ይይዙታል፤ ከዚያ በኋላ ቤተሰቡ አንድ ላይ ይዘፍናል። ይህን የሚያደርጉት ጥቂቶች ናቸው።

በሚቀጥለው ጊዜ ስትሄዱ ከድምፅ ማጉያው ፊት አትቀመጡ፤ ሚክሰሩ አጠገብ፣ ወደ ኋላ ሁኑ፤ ሰውም መድረክም እኩል የሚታየው ከዚያ ነው። ምሽቱ ካማረላችሁ ደግሞ ስትወጡ ቤዝ ተጫዋቹን ፈልጋችሁ ስሙን ጠይቁት፤ ብዙ ጊዜ ዕቃውን ብቻውን እየጠቀለለ ታገኙታላችሁ።