የመንጠልጠያው ነጥብ፤ ሕፃናት፣ ጂኦሜትሪና ተወዛዋዥ ቅርጽ

የሥዕል ትምህርትንና ጂኦሜትሪን በአንድ ገበታ ለማቅረብ ከሚታሰቡት ዘዴዎች መካከል ከሕፃናት ጋር ተንጠልጣይ ቅርጽ መሥራትን ያህል በቀላሉ ተቀባይነት የሚያገኝ ጥቂት ነው። ካርቶን፣ መቀስ፣ ክርና ቀጭን እንጨት ይበቁታል። ክቡ፣ ሦስት ማዕዘኑና ካሬው ይቆረጣሉ፤ ይቀባሉ፤ ከጣሪያ ይሰቀላሉ። ወላጅ ገብቶ ያያል፤ ደስ ይለዋል። መምህሩም ሒሳብንና ሥነ ጥበብን እንዳጋባ ይቆጥራል። ጋብቻው ግን ብዙውን ጊዜ የስም ብቻ ነው። ሦስት ማዕዘኑ ሦስት ማዕዘን መሆኑን ሕፃኑ ከመቁረጡ በፊትም ያውቅ ነበርና። ለመሆኑ ቅርጹ ከተሰቀለ በኋላ ለሕፃኑ የተጨመረለት ዕውቀት ምንድን ነው?

ለዚህ ጥያቄ መልስ ለመስጠት ወደ ሥራው መነሻ መመለስ ያስፈልጋል። ዛሬ «ሞባይል» ሲባል የአማርኛ አንባቢ እጁን ወደ ኪሱ ይሰዳል፤ ቃሉ ግን ከእጅ ስልክ አስቀድሞ የቅርጽ ስም ሆኖ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1931 አሜሪካዊው ቀራፂ አሌክሳንደር ካልደር በፓሪስ ይሠራቸው ለነበሩት ተንቀሳቃሽ ሥራዎች ስም ያወጣለት ማርሴል ዱሻን ነው። ቃሉ በፈረንሳይኛ «ተንቀሳቃሽ» ከማለት ሌላ «ለድርጊት የሚገፋፋ ምክንያት» የሚል ትርጉምም አለው። በአማርኛ «ተወዛዋዥ» ቢባል ያስኬዳል።

ካልደር ከቅርጽ በፊት የተማረው ምህንድስና ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1919 በሜካኒካል ምህንድስና ተመርቋል። እ.ኤ.አ. በ1930 የሠዓሊውን የፒየት ሞንድሪያንን የሥራ ክፍል በጎበኘ ጊዜ ግድግዳው ላይ የተለጠፉትን ባለ ቀለም አራት ማዕዘኖች አይቶ፣ ቢንቀሳቀሱ መልካም ነበር ሲል ሐሳብ አቀረበ። ሞንድሪያን አልተቀበለውም፤ ሥዕሉ እንዳለ ሆኖም ፈጣን እንደሆነ ነገረው። ከዚህ ጉብኝት በኋላ ካልደር ፊቱን ወደ ረቂቅ ቅርጽ መለሰ። የመጀመሪያዎቹ ሥራዎቹ በሞተርና በእጅ መዘውር የሚዞሩ ነበሩ። ሞተር የሚደግመው ግን አንድ ዓይነት ዙር ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሞተሩን ትቶ እንቅስቃሴውን ለነፋስ አስረከበ።

እ.ኤ.አ. በ1939 ለኒው ዮርኩ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ደረጃ የሠራው «የሎብስተር ወጥመድና የዓሣ ጅራት» የዚህ ውሳኔ ፍሬ ነው። በአንድ ወገን ከሽቦ የተሠራ፣ ውስጡ ባዶ የሆነ ወጥመድ መሰል ቅርጫት ተንጠልጥሏል፤ በሌላው ወገን ጥቁር የአሉሚኒየም ዝርጎች እንደ ዓሣ ጅራት ተደርድረዋል። ግራው ቀኙን አይመስልም። ዓይን «ይህማ ያጋድላል» ብሎ ይፈርዳል፤ ክሩ ግን ቀጥ ብሎ ይቆማል። የሥራው ውበት ያለው እዚህ ክርክር ውስጥ ነው። ሁለቱ ወገኖች እኩል ሳይሆኑ ይመዛዘናሉ። ሁለቱም ወገን አንድ ዓይነት ቅርጽ ቢይዝ ኖሮ ጌጥ ይሆን ነበር እንጂ ሰው ደረጃው ላይ ቆሞ አያየውም ነበር።

ጣሊያናዊው ብሩኖ ሙናሪ በዚያው ዘመን በሌላ መንገድ ተጉዟል። ከ1930ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ ከካርቶን፣ ከቀጭን እንጨትና ከክር የሠራቸውን ተንጠልጣዮች «የማይጠቅሙ መኪናዎች» ይላቸው ነበር። የእርሱ ሥራ ከካልደር የሚለይበትን ነጥብ ራሱ ጽፎታል፤ የካልደር ቅርጾች ዛፍንና ቅጠልን ያስታውሳሉ፣ የእርሱ ክፍሎች ደግሞ በመጠናቸው እርስ በርሳቸው ዝምድና አላቸው። ትንሹ ቅርጽ የትልቁ ልጅ ነው እንደማለት ነው። ይኸው ሙናሪ እ.ኤ.አ. በ1977 በሚላን በብሬራ የሥዕል ቤተ መዘክር ለሕፃናት የሥራ ክፍል ከፍቷል።

እንግዲህ በክፍል ውስጥ የተለመደው ተወዛዋዥ ከሁለቱም ጎን ሲቆም ድክመቱ ይታያል። ከሙናሪ ቅርጹን ወስዶ ዝምድናውን ጥሏል፤ ከካልደር መንጠልጠሉን ወስዶ ሚዛኑን ጥሏል። ክቡ፣ ካሬውና ሦስት ማዕዘኑ በእኩል ርቀት፣ በእኩል መጠን ከአንድ እንጨት ይወርዳሉ፤ እንጨቱ ከመካከሉ ይታሰራል። የሚመዘን ነገር የለም፤ ስለዚህ የሚገኝም ነገር የለም።

ነገሩን ለመለወጥ የሚያስፈልገው ግን ጥቂት ነው። ከአንድ ካርቶን ሁለት ካሬዎች ይቆረጡ፤ የአንዱ ጎን 10 ሴንቲ ሜትር፣ የሌላው 5 ይሁን። በ30 ሴንቲ ሜትር እንጨት ጫፍና ጫፍ ይሰቀሉ፤ ከዚያም ሕፃኑ እንጨቱ ሳያጋድል የሚቆምበትን ነጥብ ይፈልግ። አንዱ ጎን የሌላው እጥፍ ነውና ርቀቱም በእጥፍ ይሆናል ብሎ ክሩን ከትልቁ 10 ሴንቲ ሜትር፣ ከትንሹ 20 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢያስረው አይፈረድበትም። ሲለቀው ግን ትልቁ ካሬ ወደ መሬት ይወርዳል። ክሩን ወደ ትልቁ እያስጠጋ፣ እያስጠጋ ይሄዳል፤ ሚዛኑ የሚገኘው ከትልቁ 6 ሴንቲ ሜትር፣ ከትንሹ 24 ሴንቲ ሜትር አካባቢ ነው። የእንጨቱ የራሱ ክብደት ነጥቡን ጥቂት ወደ መካከል ይስበዋል እንጂ ነገሩ ያው ነው። ጎን በእጥፍ ሲያድግ ስፋት በአራት እጥፍ ያድጋል። ብዙ ተማሪ ይህን ደንብ በቃሉ ይዞ ፈተና አልፎ ይረሳዋል፤ ሕፃኑ ግን የካርቶኑን ክብደት በጣቱ እየተሰማው አገኘው። ከዚያ ትልቁን ካሬ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሰንጥቆ በግማሹ ቢተካው ነጥቡ ወዴት እንደሚሸሽ ሳይሰቅል በፊት እንዲገምት መጠየቅ ይቻላል።

ሌላው ጥያቄ ቅርጹ ራሱ የት ላይ ይበሳ የሚለው ነው። ሦስት ማዕዘን ከሦስቱ ማዕዘኖች እያንዳንዳቸው ወደ ትይዩው ጎን መካከል መሥመር ቢሰመርበት ሦስቱ መሥመሮች በአንድ ነጥብ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ነጥብ የተንጠለጠለ ሦስት ማዕዘን እንደ ሰፌድ ተዘርግቶ ይቆማል። ሕፃኑ በፈቃዱ ለቆረጠው ቅጠል መሰል ቅርጽ ግን መጽሐፉ ደንብ የለውም። እዚህ ላይ የግንበኛው ቱንቢ ይደርሳል። ቅርጹ በመርፌ ከአንድ ጠርዝ ይንጠልጠል፤ ከመርፌው ጠጠር የታሰረበት ክር ይውረድ፤ ክሩ የሄደበት ይሰመር። ከሌላ ጠርዝም እንዲሁ ይደገም። ሁለቱ መሥመሮች የተቋረጡበት ነጥብ የቅርጹ የክብደት ማዕከል ነው። ጨረቃ መሰል ቅርጽ የቆረጠ ልጅ ካለ ደግሞ ማዕከሉ ከካርቶኑ ውጪ፣ ባዶው አየር ላይ ሲያርፍበት ግራ ይጋባል፤ ይህን ግራ መጋባት ለመግዛት የሚወጣው ካርቶን አይቆጭም።

ብዙ ክንዶች ያሉት ተወዛዋዥ የሚሠራው ከታች ወደ ላይ ነው። የታችኛው ክንድ ከነሸክሙ ሲመዛዘን ለበላዩ እንደ አንድ ክብደት ይቆጠራል። ከላይ የጀመረ ሰው አንድ ቅጠል በጨመረ ቁጥር የሠራው ሁሉ ይፈርስበታል። ይህ ቅደም ተከተል በብዙ መማሪያ ክፍል የማይነገር ሲሆን፣ ሕፃናቱ ተስፋ ቆርጠው ሥራውን ለመምህሩ የሚያስረክቡትም አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ሰበብ ነው። መምህሩም ይቀበላል። የወላጆች ቀን ሲደርስ የዘመመው ሁሉ ይቃናል፤ ያጋደለው በሙጫ ይደገፋል፤ እርስ በርሱ የተጋጨው ይለያያል። ቅርጾቹ ያምራሉ፤ ግን የሕፃናቱ አይደሉም።

ሥርዓት ወዳድነት ታላላቆቹንም አልማረም። ካልደር እ.ኤ.አ. በ1958 የሠራው «ፒትስበርግ» የተባለው ጥቁርና ነጭ ተወዛዋዥ በዚያችው ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ሲሰቀል የአውራጃው መለያ በሆኑት በአረንጓዴና በወርቃማ ቀለም ተቀባ፤ እንዲዞርም ሞተር ተገጠመለት። ቀራፂው ቢቃወምም የሰማው አልነበረም፤ ሥራው ወደ ቀድሞ ቀለሙ የተመለሰው ብዙ ቆይቶ ነው። ቀለሙን የቀየሩት ሰዎች ክፉ አልነበሩም፤ ነገሩ የተስተካከለ መስሎ እንዲታያቸው ብቻ ፈለጉ። መምህሩ በሙጫ ያደረገውም ከዚህ የተለየ አይደለም።

እነዚህ ምሳሌዎች ከፓሪስ፣ ከሚላንና ከኒው ዮርክ የተወሰዱ ቢሆኑም መማሪያውን ከዚያ ማስመጣት አያስፈልግም። በሞዛምቢክ ለረጅም ዓመታት ያስተማረው የሒሳብ ሊቅ ፓውሉስ ጌርዴስ እ.ኤ.አ. በ1999 ባሳተመው «ጂኦሜትሪ ከአፍሪካ» በተሰኘው መጽሐፉ ቅርጫት፣ ምንጣፍና የአሸዋ ላይ ሥዕል የሚሠሩ እጆች የሚያስቡትን ጂኦሜትሪ ወደ መማሪያ ክፍል የሚያስገባ መንገድ አሳይቷል። በኢትዮጵያ ሰንደዶና አክርማ ይዛ መሶብ የምትሰፋ ሴት ከመሐል ተነስታ ዙሩን ስታሰፋ፣ ሐረጉ ዙሪያውን ጨርሶ ከመነሻው ጋር እንዲገጥም ምን ያህል ስፌት እንደሚቀራት ታሰላለች፤ አንድ ስፌት ብትስት ጉድለቱ በመሶቡ ላይ ይታያል፤ ሊሸፍንላት የሚችል ሙጫ የለም። ከዚህ ሥራ የሚተርፈው ቀጥ ያለ የሣር አገዳም ለተወዛዋዥ ክንድ ከሚገዛው እንጨት ይሻላል። ቀላል ስለሆነ የራሱ ክብደት ሒሳቡን አያዛባም፤ በመስኮት የገባ ጥቂት ነፋስም ያዞረዋል።

ነፋሱ ግን መግባት አለበት። የተወዛዋዥ ኤግዚቢሽን መስኮት ዘግቶ «አትንኩ» የሚል ጽሑፍ በሚለጥፍበት ክፍል ውስጥ ከሆነ ሕፃኑ የሠራው ገና አልታየም። ክፍት መስኮት አጠገብ የተሰቀለ ሥራ ይጋጫል፣ ክሩ ይጠላለፋል፣ አንዳንዱም ይወድቃል። የወደቀውን ሠሪው ራሱ ወንበር ላይ ወጥቶ፣ ክሩን በግማሽ ሴንቲ ሜትር ገፍቶ፣ መልሶ ይስቀለው።