ምላስዎን ያንሱልኝ

በአእምሮ ሕክምና መኝታ ክፍል መድኃኒት የሚታደልበት ሰዓት የራሱ ሥርዓት አለው። ነርሷ ኪኒኑን በታካሚው መዳፍ ላይ ታስቀምጣለች፣ ውኃ ታቀብላለች፣ እስኪውጥ ትጠብቃለች። ከዚያ «አፍዎን ይክፈቱልኝ፤ ምላስዎን ያንሱልኝ» ትላለች። በጉንጭና በድድ መሐል ወይም ከምላስ ሥር የተደበቀ ፍሬ አለመኖሩን አይታ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፋለች። መድኃኒቱን ደብቆ የሚተፋ ታካሚ ጥቂት ስላልሆነ ይህን ማድረጋችን ተገቢ ነው፤ እኔም እስከ ዛሬ አላስቀረሁትም። ነገር ግን አንዲት በአርባዎቹ ዕድሜ ያሉ እናት ለሁለት ሳምንት ምላሳቸውን ካነሱልን በኋላ ያ ሥርዓት የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ መሆኑ ገባኝ። መድኃኒቱ ጉሮሮን ማለፉን ይነግረናል። ካለፈ በኋላ ሰውነት ምን እንዳደረገው ግን አይነግረንም።

እኒህ ሴት የመጡት በከባድ ድብርት ነበር (እዚህ የማነሣቸው ታካሚዎች ማንነታቸው እንዳይታወቅ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ)። ሌሊቱን ቁጭ ብለው ያነጋሉ፤ እንጀራ ሲቀርብላቸው ጠርዙን ቆርሰው ይተዉታል። አሚትሪፕቲሊን ጀመርኩላቸው። በየቀጠሮው እያሳደግሁ በሦስት ወር ውስጥ በቀን 150 ሚሊግራም አደረስኩት። «እንዴት ነዎት?» ስላቸው መልሳቸው ሁልጊዜ «ያው ነው ዶክተር» ነበር። አብራቸው የምትመጣው ትልቋ ልጃቸው የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ የቀረውን ኪኒን ጠረጴዛዬ ላይ ታፈሰዋለች። እቆጥረዋለሁ፤ ከቀጠሮው ቀን ጋር ልክ ይመጣል። ቆጥሬም አላመንኩም። በልጃቸው ፊት «መድኃኒቱን በትክክል የሚወስዱ አይመስለኝም» አልኳቸው። ቀና ብለው አላዩኝም። «እግዜር ያውቃል፣ አንድም ቀን አልዘለልኩም» ብለው ዝም አሉ።

አስተኛናቸው። ጠዋትና ማታ በነርስ ዓይን ፊት ዋጡ፤ ምላሳቸውን አነሱ። ሁለት ሳምንት ሊሞላ ሲል ተረኛዋ ነርስ ወደ ቢሮዬ መጥታ «ዶክተር፣ እኚህ ሴት እኮ ውኃ እንኳ አይጠይቁም» አለችኝ። 150 ሚሊግራም አሚትሪፕቲሊን የሚወስድ ሰው አፉ ይደርቃል። ሲናገር ምላሱ ላንቃው ላይ ይጣበቅበታል፣ የውኃ ጠርሙስ ከእጁ አይለይም፣ ሆድ ድርቀት ያስቸግረዋል፣ ጠዋት ጠዋት ከእንቅልፉ ለመላቀቅ ይታገላል። እሳቸው ላይ ከዚህ ሁሉ አንዱም አልነበረም። መድኃኒቱ ጥቅሙን ብቻ ሳይሆን ጉዳቱንም ይዞ ጠፍቷል። ነርሷ በሁለት ሳምንት ያየችውን እኔ ሦስት ወር ሙሉ ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አላየሁትም፤ ጥርጣሬዬ ከልሎኝ ነበር።

የምንውጠውን መድኃኒት ሰውነት እንደ ባዕድ ነገር ነው የሚያየው። ጉበት ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞች ፈጭተው፣ ለውጠው ያስወግዱታል። ከእነዚህ አንዱ ሲፕ 2ዲ6 ይባላል። አሚትሪፕቲሊንን፣ ሃሎፔሪዶልን፣ ሪስፔሪዶንን፣ ኮዴይንንና ትራማዶልን ጨምሮ እኛ በየቀኑ የምናዛቸው ብዙ መድኃኒቶች በዚህ በር ያልፋሉ። ኢንዛይሙን የሚሠራው ዘረመል በአብዛኛው ሰው አንድ ከአባት፣ አንድ ከእናት ነው የሚገኘው። አንዳንዱ የማይሠራ ቅጂ ይወርሳል። አንዳንዱ ደግሞ ትርፍ ቅጂ ይወርሳል። ለታካሚ ቤተሰብ ሳስረዳ ወፍጮ ቤትን እጠቅሳለሁ፦ አንድ ወፍጮ ባለበት መንደር እህሉ ወረፋ ይጠብቃል፤ ሦስትና አራት ወፍጮ ባለበት ግን ገና ከአህያው ጀርባ ሳይወርድ ዱቄት ይሆናል።

ነገሩ የታወቀው ሕክምናው ያልጠበቀው ሰው ላይ ሲደርስ ነው። በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ.) አጋማሽ ለንደን ውስጥ ሮበርት ስሚዝ የተባለ ተመራማሪ ዴብሪሶኩዊን የሚባል የደም ግፊት መድኃኒት ከባልደረቦቹ ጋር ራሱ ላይ ሞከረ። እነሱ ያን ያህል ሳይሰማቸው እሱ ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት ደረሰ። መድኃኒቱን የሚያስወግደው ኢንዛይም በእሱ ጉበት ውስጥ አልነበረም። በተቃራኒው በስዊድን ሌፍ ቤርቲልሶንና ባልደረቦቹ በ1985 ስለ አንዲት የድብርት ታካሚ ጻፉ። በደሟ ውስጥ በቂ ኖርትሪፕቲሊን እንዲገኝ በቀን እስከ 500 ሚሊግራም መውሰድ ነበረባት፤ ይህ ለሌላው ሰው አደገኛ መጠን ነው። ምክንያቱ በ1993 ተገኘ፤ የዚያ ኢንዛይም ዘረመል በእሷ ላይ ተደራርቦ ነበር። ከእነዚያ ጽሑፎች በፊት የእሷ ዓይነቱ ሰው ሐኪሙ ዘንድ ቀርቦ ምን ተብሎ እንደሚመለስ እኔ አውቃለሁ። እኔው ብዬዋለሁና።

ወደኛ የሚመጣው ክፍል የተጻፈው በ1996 ነው። በስዊድኑ ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት እሌኒ አክሊሉና ባልደረቦቿ ኢትዮጵያውያንን መርምረው ከመቶ 29 ያህሉ የሲፕ 2ዲ6 ትርፍ ቅጂ እንዳላቸው አገኙ። በሰሜን አውሮፓ ይህ ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ሰው ነው። በአፍሪካ ቀንድ ለምን በዛ? አንደኛው መላ ምት በረሀብ ዘመን መራራና መርዛም ዕፅዋትን በልቶ መትረፍ የቻለው ጉበቱ ፈጣን የሆነ ሰው ነው ይላል። መላ ምት እንደሆነ ይቆይ። እኔን የሚያስጨንቀኝ ግን ከሥራ ጋር የተያያዘው ነው፦ የመድኃኒት መጠን የምንማርባቸው መጻሕፍት የተጻፉት ይህ ነገር ብርቅ ከሆነበት አገር በመጣ ልምድ ነው። እኛ ዘንድ ከአሥር ሰው ሦስቱን ይመለከታል። ይህን ቁጥር በትምህርት ዘመኔ አንድ ጊዜ ሰምቼው ነበር። ለፈተና አጥንቼው፣ ከታካሚ ጋር ስቀመጥ ረስቼዋለሁ።

በምሠራበት ቦታ የዘረመል ምርመራ የለም። በደም ውስጥ ያለ የመድኃኒት መጠንም አይለካም። ስለዚህ የእኒያን እናት ጉበት በማስረጃ አላረጋገጥኩም፤ ግምት ነው የያዝኩት። በግምት ደግሞ መጠን ማሳደግ አይቻልም። አሚትሪፕቲሊን ሲበዛ የልብን ምት ያዛባል፣ ይገድላል። ግምቴ ቢሳሳትና የጨመርኩት ሁሉ ደማቸው ውስጥ ቢጠራቀም መልስ የለኝም። የተሻለው መንገድ ወፍጮውን መዞር ነበር። ወደ ሰርትራሊን ቀየርኳቸው፤ እሱ በዋናነት በሌሎች ኢንዛይሞች ነው የሚወገደው። በመጀመሪያው ሳምንት አቅለሸለሻቸው። ልጃቸው ደንግጣ ስትነግረኝ እኔ ውስጤ ቀለል አለው፤ መድኃኒቱ ደማቸው ውስጥ መድረሱን የሚነግረኝ የመጀመሪያው ምልክት ነበርና። በሁለተኛው ወር እንቅልፍ ያዛቸው፤ ልጃቸው «እናቴ ሽሮ ራሷ ሠራች» አለችኝ። ያን ቀን በልጃቸው ፊት የተናገርኩትን በልጃቸው ፊት አነሣሁ። «ያኔ አላመንኩዎትም ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው። እጄን ይዘው ትንሽ ቆዩ።

ከዚያ ወዲህ ጥያቄዬ ተቀይሯል። «እየወሰዱ ነው?» ብዬ አልጀምርም። «መድኃኒቱ ምን አደረገዎት?» እላለሁ። አፍ ደረቀ? ምራቅ በዛ? እጅ ተንቀጠቀጠ? እንቅልፍ ጨመረ? በትንሽ መጠን ብዙ የሚጎዳ ሰውና በብዙ መጠን ምንም የማይሰማው ሰው ሁለቱም ስለ ጉበታቸው እየነገሩኝ ነው። በቤተሰብ ውስጥ «የእኔም ወንድም ይህ መድኃኒት አልሆነለትም» የሚል ሰው ካለ እጽፈዋለሁ። ሁሉም መድኃኒት አንድ ዓይነት እንዳልሆነም ማወቅ ያስፈልጋል። ሪስፔሪዶን በዚህ ኢንዛይም ቢለወጥም የተለወጠው ነገር ራሱ ይሠራል፤ ስለዚህ ፈጣን ጉበት ብዙም አያባክነውም። ትራማዶልና ኮዴይን ደግሞ ጭራሽ ተገላቢጦሽ ናቸው፤ የሚያይሉት ከተለወጡ በኋላ ነው። ኮዴይን ሞርፊን የሚሆነው በዚሁ ወፍጮ ነው። ፈጣን ጉበት ያለው ሰው ለጀርባ ሕመም ተብሎ በተሰጠው ትራማዶል ጓደኛው ያልደረሰበት ቦታ ሊደርስ ይችላል። ለሱስ ሕክምና የመጣ አንድ ወጣት «ለሌላው ሕመም ማስታገሻ ነው፣ እኔን ግን ከመጀመሪያዋ ፍሬ ጀምሮ ነው የወሰደኝ» ሲለኝ ሰበብ እየፈለገ ነው ብዬ አልናቅሁትም። ሱስን ዘረመል ብቻ ያመጣዋል ማለቴ አይደለም። ግን ሁለት ሰው አንድ ኪኒን ውጦ ሁለት የተለያየ መድኃኒት ሊወስድ ይችላል።

ብዙ የምቆይበት ጉዳይ ጫት ነው። በኢትዮጵያውያን ላይ የተደረገና እሌኒ አክሊሉ የተሳተፈችበት ጥናት ጫት መቃም የሲፕ 2ዲ6ን ሥራ እንደሚያዳክም አሳይቷል። ትርፍ ወፍጮ የወረሰ ሰው ሲቅም ወፍጮው ይቀዘቅዛል ማለት ነው። ሲጋራ በበኩሉ ሌላ ኢንዛይም ያነቃቃል፤ የሚያነቃቃው ኒኮቲኑ ሳይሆን ጭሱ ነው። ክሎዛፒንና ኦላንዛፒን በአጫሽ ሰው ደም ውስጥ ቶሎ የሚያልቁት በዚህ ነው። ቃሚ ደግሞ ብዙ ጊዜ አጫሽ ነው፤ ምርቃናውን ለመስበር ማታ ጨብሲ ይላል። አልኮሉም የራሱ ጣጣ አለው። እንግዲህ ይህ ሰው ሆስፒታል ሲተኛ ጫቱም ሲጋራውም መጠጡም በአንድ ቀን ይቆማል። ሐራራው ሲነሣበት እኛ የምናየው መቅበጥበጡን ነው። ጉበቱ ውስጥ ደግሞ አንዱ ወፍጮ ሲፈጥን ሌላው ሲዘገይ አናይም።

አንድ የሃያ አምስት ዓመት ወጣት ድምፅ እየሰማ፣ ሰው ይከታተለኛል እያለ ገብቶ በክፍሉ ውስጥ ሃሎፔሪዶል አሳደግንለት። ተሻለውና ወጣ። በሦስተኛው ሳምንት አባቱ ደግፈው መለሱት፤ አንገቱ ተገትሯል፣ ፊቱ ላይ እንቅስቃሴ የለም፣ ምራቁ በአገጩ ይወርዳል። አባቱ «ዶክተር፣ ልጄን ድንጋይ አደረጋችሁት» አሉኝ። መጠኑን ያስተካከልነው ጫት ባልነበረበት ክፍል ውስጥ ነበር፤ ቤቱ በሄደ በማግስቱ መቃም ጀምሯል። ሃሎፔሪዶል የሚወገድበት መንገድ አንድ ብቻ ስላልሆነ ሁሉንም በጫቱ አላላክክም። ግን አሁን ማንም ቃሚ ከክፍል ሲወጣ ሁለት ነገር አደርጋለሁ፦ ከቃመ ምን ሊሰማው እንደሚችል ከቤተሰቡ ጋር እነግረዋለሁ፣ ቀጠሮውንም በወር ሳይሆን በአሥር ቀን አደርገዋለሁ። «ጫት አትቃም» ብሎ ማሰናበት ይቀላል። ቢቅምም መጥቶ የሚነግረኝ ሰው ግን ይበልጥብኛል።

አንዳንድ ጊዜ ከአሜሪካ ዘመድ የዘረመል ምርመራ ውጤት ይልካል። መድኃኒቶቹ በአረንጓዴ፣ በቢጫና በቀይ ተመድበው ይመጣሉ። ቤተሰቡ ቀዩን እንደ መርዝ፣ አረንጓዴውን እንደ ፈውስ ያነበዋል። ወረቀቱ ስለ አወጋገዱ ነው የሚናገረው፤ ስለ ድብርቱ አይደለም። በ2022 የታተመ፣ 1,944 የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች የተሳተፉበት ጥናት ሐኪሞች ውጤቱን ሲያዩ ከዘረመሉ ጋር የሚጋጭ መድኃኒት ማዘዝ እንደቀነሱ አሳይቷል። ከድብርት በመዳን በኩል የታየው ጥቅም ግን ትንሽ ነበር፤ ስድስት ወር ላይ ልዩነቱ አልቆየም። በአልኮል ሱስም ናልትረክሶን ለማን እንደሚሠራ አንድ ዘረመል ይነግረናል የሚል ትልቅ ተስፋ ነበር፤ በ2015 የታተመው ሙከራ አላጸናውም። የቀረበልኝን ወረቀት አልጥለውም። መጀመሪያ የማየው ግን ቀለሙን አይደለም፤ ሰውየው አሁን ምን ምን እየወሰደ ነው? ፍሉኦክሰቲን ራሱ ሲፕ 2ዲ6ን ስለሚገድብ በወረቀት «ፈጣን» የተባለ ሰው እሱን ሲውጥ ዘገምተኛ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።

ያን አንገቱ የተገተረ ወጣት በኋላ ስዊድን ያለችው እህቱ ወሰደችው። ከመሄዱ በፊት ለሚቀበለው ሐኪም ደብዳቤ ስጽፍ በ2002 የወጣ አንድ ጥናት በሐሳቤ ነበር፤ ተመሳሳይ ዘረመል ያላቸው ኢትዮጵያውያን ስዊድን ሲኖሩ ኢንዛይማቸው አገር ቤት ካሉት ይልቅ ይፈጥናል። ምግቡ ይሁን አካባቢው፣ አንድ ነገር ይለወጣል። ስለዚህ መጠኑን ብቻ አልጻፍኩም። ሲቅም ስንት ሚሊግራም እንደበቃው፣ ሳይቅም ስንት እንዳስፈለገው፣ በቀን ስንት ሲጋራ እንደሚያጨስ፣ አንገቱ የተገተረበትን ቀን ጻፍኩ። ጫት ስዊድን ውስጥ ክልክል ስለሆነ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በቅርብ ይከታተሉት ብዬ ጨመርኩ። አንብቤለት ስጨርስ ፊቱ ተለወጠ።

«ዶክተር፣ ጫቱንም ጻፉት? ቪዛ ቢከለክሉኝስ?»

«ይህ ለኤምባሲ አይደለም። ለሐኪምህ ነው። ሌላ ሰው አያነበውም።»

ፖስታውን አሸግሁለት። ፓስፖርቱ ውስጥ ከተተው፤ ቆይቶ አወጣውና አጥፎ በጃኬቱ የውስጥ ኪስ ውስጥ አደረገው።