የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናና የሕክምና ዶክትሬት አመልካቾች፦ ነጥቡ የሚለካውና የማይለካው

መግቢያ

የሕክምና ትምህርቱን በእንግሊዝኛ የተማረና የሕሙማንን ካርድ ለዓመታት በእንግሊዝኛ ሲጽፍ የኖረ ኢትዮጵያዊ ሐኪም ለሦስተኛ ዲግሪ ወደ ውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ሲያመለክት፣ በቅድሚያ ከሚጠየቃቸው ማስረጃዎች አንዱ የእንግሊዝኛ ቋንቋ ችሎታ የፈተና ውጤት ነው። ብሪታንያ የአብዛኛው ሕዝባቸው ቋንቋ እንግሊዝኛ ነው ብላ በምትቀበላቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ኢትዮጵያ የለችም፤ ኬንያና ናይጄሪያም የሉበትም። ስለዚህ ሐኪሙ ለመፈተኛ ይከፍላል፤ ከክፍለ ሀገር የሚመጣ ከሆነም ለጉዞና ለማረፊያ ይጨምራል፤ ከተረኛነቱ ቀን ሰርቆ ይዘጋጃል። በቤት ሆኖ የሚወሰዱ ፈተናዎች ቢኖሩም የማይቋረጥ መብራትና የማይቆራረጥ ኢንተርኔት ይጠይቃሉ።

በባለሙያዎች መካከል በዚህ ረገድ የሚሰማው ቅሬታ «በእንግሊዝኛ የተማረ ሰው እንግሊዝኛ ለምን ይፈተናል?» የሚል ነው። ጥያቄው የሰውን ድካም በትክክል ቢገልጽም ዋናውን ነገር ይስታል። በእንግሊዝኛ መማር ብቻውን የቋንቋ ብቃትን አያረጋግጥምና መፈተኑ በራሱ ነውር የለውም። ሊመረመር የሚገባው ፈተናው ምን ለመለካት እንደተዘጋጀና ነጥቡን የሚቀበለው ተቋም ምን እንደተለካ አድርጎ እንደሚወስደው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት ሰፊ ነው።

ዶክትሬቱ የሚጠይቀው እንግሊዝኛ

በሕክምና ዘርፍ የዶክትሬት ትምህርት የሚከታተል ሰው ቋንቋውን ቢያንስ ለአራት ተግባራት ይፈልገዋል። አንደኛ፣ በሙያው የወጡ ጥናቶችን እየመረመረ፣ ደካማውን ከጠንካራው እየለየ ያነባል። ሁለተኛ፣ ያገኘውን ውጤት ሳያጋንንና ሳያሳንስ ይጽፋል፤ «ተያያዥነት ታየ» እና «ምክንያቱ ይህ ነው» የሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች የቱን ያህል እንደሚራራቁ ማወቅ ይኖርበታል። ሦስተኛ፣ ሥራውን በፈታኞች ፊት ያቀርባል፤ ይሟገትለታልም። በኖርዌይ ዩኒቨርሲቲዎች ልማድ ለምሳሌ፣ እጩው ከዋናው ሙግት ሌላ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት በሚነገረው ርእስ ላይ የሙከራ ትምህርት እንዲሰጥ ይጠየቃል።

አራተኛው ተግባር በፈተና አዘጋጆች ዘንድ እምብዛም ሲታሰብ አይታይም። ጥናቱን በአገሩ የሚያካሂድ ሐኪም መረጃውን የሚሰበስበው በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማልኛ ወይም በሌላ የአካባቢ ቋንቋ ነው። መጠይቁና የስምምነት ቅጹ ከእንግሊዝኛ ወደ አካባቢው ቋንቋ ይመለሳሉ፤ ትክክለኛነታቸው እንዲጣራም በሌላ ሰው ተመልሰው ወደ እንግሊዝኛ ይተረጎማሉ። ተሳታፊው «ምች መታኝ» ሲል ተመራማሪው ቃሉን «ትኩሳት» ብሎ ቢያልፈው ያጎድላል፤ የከንፈር ቁስል ብቻ ቢያደርገውም እንደዚሁ። «ኩላሊቴን ያመኛል» የሚል ገበሬ ብዙውን ጊዜ የሚናገረው ስለ ወገቡ ነው። ይህን ንግግር ትርጉሙ ሳይዛባ ወደ እንግሊዝኛ ማሻገር የጥናቱ ተአማኒነት የሚቆምበት መሠረት ነው። ስሕተቱ በስምምነት ቅጹ ላይ ሲሆን ደግሞ ጉዳዩ የቋንቋ መሆኑ ቀርቶ የተሳታፊው መብት ጉዳይ ይሆናል።

ሕክምና ከፈተናው የወጣበት ታሪክ

ዛሬ በስፋት የሚሠራበት አይኤልትስ ከመምጣቱ በፊት፣ የብሪቲሽ ካውንስልና የካምብሪጅ ፈተና አዘጋጆች እ.ኤ.አ. ከ1980 ጀምሮ ይሰጡት የነበረ ኢኤልቲኤስ የተባለ ፈተና ነበር። ይህ ፈተና ተፈታኞችን በሚማሩት የትምህርት ዘርፍ ይለይ ነበር፤ ከዘርፎቹም አንዱ ሕክምና ነበር። ሐኪሙ የሚያነበውና የሚጽፈው ከሙያው በቀረበ ርእስ ላይ ነበር ማለት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1989 አይኤልትስ ሲተካ ዘርፎቹ ወደ ሦስት ዝቅ አሉ፤ ሕክምናም ከሕይወት ሳይንስ ጋር በአንድ ተጠቃለለ። እ.ኤ.አ. በ1995 ደግሞ በዘርፍ መለየቱ ፈጽሞ ቀርቶ ለከፍተኛ ትምህርት አመልካቾች ሁሉ አንድ ዓይነት ፈተና ሆነ። ለውጡ ያለ ምክንያት አልተደረገም። ማን ወደ የትኛው ዘርፍ እንደሚመደብ መወሰን አስቸጋሪ ነበር። የአንዱ ዘርፍ ጽሑፍ ከሌላው ይበልጥ ሙያዊ ሆኖ ሲገኝም፣ ፈተናው ቋንቋን መለካቱን ትቶ የቀድሞ እውቀትን ይለካል የሚል ሥጋት ነበር። ለሁሉም እኩል የሆነ ሚዛን መሻት ተገቢ ነው። ይሁን እንጂ እኩልነቱ የተገኘው ፈተናውን ከሁሉም ሙያ እኩል በማራቅ ነው። የወደፊት የሕግ ተማሪና የወደፊት የኅብረተሰብ ጤና ተመራማሪ ዛሬ የሚቀመጡት ለአንድ ወረቀት ነው።

የፈተናው ክፍሎች ሲመዘኑ

በንባብ ክፍል ተፈታኙ በ60 ደቂቃ ሦስት ጽሑፎችን አንብቦ 40 ጥያቄዎችን ይመልሳል። ጽሑፎቹ የሚመረጡት የመስኩ ባለሙያ ላልሆነ አንባቢ እንዲሆኑ ነው። ፍጥነትንና አጠቃላይ መረዳትን በሚገባ ይለካል። የአንድ ጥናት የናሙና አመራረጥ ከመደምደሚያው ጋር እንደማይጣጣም የማስተዋል ችሎታን ግን አይነካም።

በጽሑፍ ክፍል ሁለት ሥራዎች በ60 ደቂቃ ይሠራሉ። በመጀመሪያው ተፈታኙ አንድ ሠንጠረዥ ወይም ግራፍ ተመልክቶ ቢያንስ በ150 ቃላት ይገልጻል፤ በሁለተኛው በአንድ አጠቃላይ ርእስ ላይ ቢያንስ በ250 ቃላት አስተያየቱን ይሰጣል። የመጀመሪያው ሥራ የጥናት ውጤት ከሚጻፍበት ክፍል ጋር ስለሚመሳሰል ሊመሰገን ይገባል። ነገር ግን ተፈታኙ የሚታየውን ብቻ እንዲዘግብ እንጂ ለምን እንደሆነ እንዲያብራራ አይጠበቅም። የዶክትሬት ጽሑፍ የሚፈተነው ደግሞ በዚያ «ለምን» ላይ ነው፤ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊሆን ይችላል ወይ፣ ውጤቱን ያዛባ ሌላ ምክንያት አለ ወይ የሚሉትን በቁጥብ ቋንቋ ማስቀመጥ ይጠይቃል። ሰዋስውን የሚያርሙና ዓረፍተ ነገርን የሚያቃኑ የኮምፒውተር መሣሪያዎች በየእጁ በገቡበት በዚህ ዘመን፣ ሰው ሊያጣው የማይገባው ችሎታ ይኸው የፍርድ ቋንቋ ነው።

የንግግር ክፍሉ ከ11 እስከ 14 ደቂቃ የሚወስድ የገጽ ለገጽ ቃለ ምልልስ ነው። ስለ ትውልድ ቦታ፣ ስለ ልማድና ስለ አጠቃላይ ጉዳዮች ያናግራል። ድፍረትንና ቅልጥፍናን ያሳያል፤ የተጠየቀውን ተቃውሞ ሰምቶ፣ ከፊሉን ተቀብሎ፣ ከፊሉን በማስረጃ መመለስ የሚችለውን ሰው ግን ለይቶ አያወጣም።

ስለ ግማሽ ነጥብ

የፈተናውን ውጤት ከሁሉ በላይ የሚያሳስበው አጠቃቀሙ ነው። በአይኤልትስ አጠቃላይ ውጤቱ የአራቱ ክፍሎች አማካይ ሆኖ ወደ ቅርቡ ግማሽ ነጥብ ይጠጋጋል። በሁለት ክፍሎች 6.5፣ በሁለቱ 6 ያገኘ ሰው አማካዩ 6.25 ስለሆነ 6.5 ይሰጠዋል። በአንድ ክፍል ብቻ 6.5፣ በሦስቱ 6 ያገኘው ግን አማካዩ 6.125 ሆኖ 6 ይሰጠዋል። 6.5 በሚጠይቅ ተቋም የመጀመሪያው ይገባል፤ ሁለተኛው ይመለሳል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአንድ ክፍል የታየ ግማሽ ነጥብ ነው። ለማዳመጥና ለንባብ ክፍሎች የሚታወቀው የልኬት ስሕተት ደግሞ ራሱ ወደ 0.4 ይጠጋል።

ለጤና ባለሙያ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ ተለክቶ 142 የሆነን የደም ግፊት ይዞ ለአንድ ሰው የዕድሜ ልክ መድኃኒት የሚያዝ ሐኪም የለም፤ ይደግማል፤ ሌላ ምልክት ይፈልጋል፤ የሰውየውን ታሪክ ይጠይቃል። የቤተ ሙከራ ውጤት ወሰኑ ላይ ሲያርፍ በሽታ እያለ «የለም»፣ ሳይኖር «አለ» የመባል ዕድል መኖሩን ያውቃል። በእጩ ተመራማሪ ላይ ግን አንድ ልኬት ብቻውን ብያኔ ሲሆን ይታያል። በቅርብ ዓመታት በአንዳንድ አገሮች አንዱን ክፍል ብቻ ደግሞ መፈተን መፈቀዱ ጥሩ እርምጃ ቢሆንም ክፍያውን ያስደግማል፤ ውጤቱን የማይቀበሉ ተቋማትም አሉ።

የሁለት ዓመቱ ገደብም እንደዚሁ ያነጋግራል። ቋንቋ ሳይሠሩበት ሲቀሩ ስለሚዳከም ውጤቱ ከሁለት ዓመት በላይ እንዳይታመን መደረጉ ትክክል ነው። ሆኖም በሥራው ላይ በየቀኑ እንግሊዝኛ ሲያነብና ሲጽፍ የቆየ ሐኪም ቋንቋውን እንደተወ ሰው መቆጠሩ ሚዛናዊ አይደለም።

ነጥቡ የወደፊት የትምህርት ውጤትን ምን ያህል ይተነብያል ለሚለው፣ በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች በአብዛኛው ያገኙት ደካማ ወይም መካከለኛ ዝምድና ነው። በዚህ ላይ ተመስርቶ ፈተናው ከንቱ ነው ማለት ግን የጥናት ስሕተት ይሆናል። ዝቅተኛ ነጥብ ያገኙት ስላልገቡ በንጽጽሩ ውስጥ የሉም፤ የሚታየው ዝምድናም በዚህ ምክንያት ከእውነተኛው ያነሰ ሊሆን ይችላል። ፈተናው ገና ቋንቋውን ያልያዘውን ሰው በመለየት ረገድ ይጠቅማል፤ ከወሰኑ አጠገብ ያሉትን እርስ በርስ ለማበላለጥ ግን አቅም ያንሰዋል።

የሌሎች አገሮች ልምድ

ቻይና ለሕክምና የዶክትሬት አመልካቾች ብቻ ተብሎ የተዘጋጀ አገር አቀፍ የእንግሊዝኛ ፈተና ካላቸው ጥቂት አገሮች አንዷ ናት። በአገሪቱ ብሔራዊ የሕክምና ፈተናዎች ማዕከል የሚመራው ይህ ፈተና፣ ለብዙ ዓመታት በሠራበት ቅርጽ ከ100 ነጥብ 80ውን ለማዳመጥ፣ ለቃላት፣ ለክፍት ቦታ ማሟላትና ለንባብ የምርጫ ጥያቄዎች ሰጥቶ፣ 20ውን ለጽሑፍ መድቧል። የምርጫ ጥያቄ መብዛቱ ቃላትን መሸምደድን ያበረታታል፤ የንግግር ክፍል አለመኖሩም ግልጽ ጉድለት ነው።

የጽሑፍ ክፍሉ ግን በጥንቃቄ ሊታይ ይገባዋል። ተፈታኙ በቻይንኛ የተጻፈ ረዘም ያለ ጽሑፍ አንብቦ ዋና ሐሳቡን በእንግሊዝኛ አሳጥሮ እንዲጽፍ ይጠየቃል። ይህ ጥያቄ እጩው በሁለት ቋንቋዎች መካከል እንደሚኖር ይቀበላል፤ በራሱ ቋንቋ የሚያውቀውን ጉዳይ ለዓለም ማድረስ እንዲችል ይፈልጋል። ከላይ የተጠቀሰውን አራተኛ ተግባር ከሞላ ጎደል የሚነካ ፈተና ቢኖር ይኸው ነው።

በአውስትራሊያ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ለውጭ አገር የጤና ባለሙያዎች የተዘጋጀው ኦኢቲ ደግሞ ሐኪሙን የሪፈር ደብዳቤ ያጽፈዋል፤ ከታካሚ ጋር እንደሚነጋገር አድርጎም ያናግረዋል። ሕክምናን ወደ ፈተናው መልሶ ማስገባት እንደሚቻል አስመስክሯል። የተሠራው ግን ለሕክምና አገልግሎት እንጂ ለምርምር ስላልሆነ፣ ለዶክትሬት አመልካች ምትክ ሊሆን አይችልም።

የአገር ቤት ድርሻ

ወቀሳው ሁሉ በውጭ ተቋማት ላይ ብቻ ቢወድቅ ፍትሐዊ አይሆንም። በአገራችን የሕክምና ትምህርት በእንግሊዝኛ ይሰጣል ይባላል እንጂ፣ መጽሐፉ በእንግሊዝኛ ሆኖ ማብራሪያውና የተማሪዎች ውይይት በአብዛኛው በአማርኛ ወይም በሌላ የአገር ቋንቋ ይካሄዳል። ምዘናው በምርጫ ጥያቄዎች ላይ ያዘነብላል። በሕሙማን ካርድ ላይ የሚሰፍረው እንግሊዝኛ የአሕጽሮተ ቃላት ድርድር ነው፤ ግስ የሌለው፣ አያያዥ የማይፈልግ፣ ለባልደረባ ብቻ የሚገባ። በዚህ መንገድ የሠለጠነ ሐኪም ብዙ ያነባል፤ ብዙም ይረዳል። አንድን ሐሳብ በተከታታይ አንቀጾች ገንብቶ የማስረዳት ልምምድ ግን አላገኘም። በጽሑፍ ክፍል ዝቅ ያለ ነጥብ ሲያገኝ ሁልጊዜ ፈተናው ስለበደለው አይደለም፤ አንዳንዴ ትምህርት ቤቱ ያልሰጠውን ነው የሚነግረው።

ማጠቃለያ

የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና ለሕክምና የዶክትሬት አመልካች አስፈላጊ የሆነ የመጀመሪያ ማጣሪያ ነው። ከማጣሪያነት አልፎ ብያኔ ሲሆን ግን ያልተሠራለትን ሥራ ይሠራል። በወሰኑ አካባቢ ግማሽ ነጥብ የጎደለው አመልካች ሁለተኛ ምርመራ ሊደረግለት ይገባል፤ አንድ የጥናት ጽሑፍ ተሰጥቶት ገምግሞ እንዲጽፍ፣ በራሱ የጥናት ንድፈ ሐሳብ ላይም ለግማሽ ሰዓት ያህል ከአማካሪዎች ጋር እንዲነጋገር ቢደረግ፣ ከማንኛውም ነጥብ ይልቅ ስለ እሱ ይናገራል። ከአገር ውስጥ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር የጋራ ፕሮግራም የሚያካሂዱ የውጭ ተቋማት ይህን ማድረግ አይከብዳቸውም፤ እጩውን ቀድመው ያውቁታልና።

የአገር ውስጥ የሕክምና ትምህርት ቤቶች በበኩላቸው ሳይንሳዊ አጻጻፍን ከመመረቂያ ጽሑፍ በፊት ጀምረው ቢያስተምሩ፣ በአገር ቋንቋ የተነገረን የታካሚ ታሪክ በተሟላ እንግሊዝኛ፣ የእንግሊዝኛውን የስምምነት ቅጽ ደግሞ ለገበሬው በሚገባ አማርኛ ወይም ኦሮምኛ መጻፍን የምዘናቸው አካል ቢያደርጉ፣ ተመራቂው ለፈተናውም ለምርምሩም ይዘጋጃል። ጥናቱ የሚጀመረው «ያመኛል» ብሎ ከሚናገር ሰው አፍ ነው፤ እጩው ያንን ቃል ሳያዛባ ለዓለም ማድረስ መቻሉን የሚያረጋግጥ መመዘኛ እስካሁን በአመልካቹ ማኅደር ውስጥ አልገባም።