ለጂን ትክክለኛ ስም

ቦንጋ ገበያ ላይ አንዱ በከፊኛ «ቡኖ»፣ ሌላው በአማርኛ «ቡና» ብሎ ቢጠይቅ ሻጩ የሚሰፍርላቸው ያንኑ ፍሬ ነው። የጂን ተመራማሪዎች ግን ለረጅም ጊዜ እንዲህ አልተግባቡም። አንዱ በዝንብ፣ ሌላው በእርሾ ያገኙትን ተመሳሳይ ሥራ በየራሳቸው ቃል ይገልጹት ነበር። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1998 የተጀመረው የጂን ኦንቶሎጂ የጋራ ቋንቋ ሰጣቸው። እያንዳንዱ ስያሜ ፍቺና ባለ 7 አሃዝ መለያ ቁጥር አለው። ስያሜዎቹ ሦስት ጥያቄዎችን ይመልሳሉ፤ የጂኑ ውጤት ምን ይሠራል? በየትኛው ሂደት ይሳተፋል? በሕዋሱ ውስጥ የት ይገኛል?

ለምሳሌ የከፋን ደን ቡና እንይ። በቅጠሉና በፍሬው ውስጥ አንድ ኢንዛይም ቴኦብሮሚን ላይ ሚታይል የተባለ ቅንጣት ጨምሮ ካፌይን ያደርገዋል። ሻይም እንዲሁ ካፌይን ይሠራል። በፈረንጆቹ 2014 የታተመው የሮቡስታ ቡና ጂኖም ጥናት ቡናና ሻይ ይህን ችሎታ ለየብቻ እንዳዳበሩት አሳይቷል። መነሻቸው ቢለያይም ሥራቸው በጂን ኦንቶሎጂ በአንድ ቃል ይመዘገባል።

ከሁሉ በላይ የማደንቀው የጂን ኦንቶሎጂን ሐቀኝነት ነው። ከስያሜው ጎን የማስረጃው ዓይነት ይጻፋል፤ በቤተ ሙከራ የተረጋገጠው በኮምፒውተር ንጽጽር ከተገመተው ይለያል።

ዩኔስኮ በፈረንጆቹ 2010 ይህ ቡና የሚበቅልበትን የከፋን ደን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዝግቦታል። ደኑን እንጠብቀው፤ ቡናው ከጠፋ የጂን መዝገቡ ብቻውን አይተካውም።