ጥልቀቱ ለምን ይጠቅማል?

ኔንቲንዶ የተባለው የጃፓን የመጫወቻ ኩባንያ በሴፕቴምበር 2025 ያልተጠበቀ ማስታወቂያ አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከ30 ዓመት በፊት ሠርቶት ገዢ ያጣውን ቨርቹዋል ቦይ የተባለ መጫወቻ ከሞት ሊያስነሣው መሆኑን ገለጸ። የዚያ መጫወቻ ጨዋታዎች ስዊች በሚባለው በእጅ በሚያዝ መሣሪያ ላይ እንዲታዩ ተደርጎ፣ ስዊቹ ደግሞ መነጽር በሚመስል ዕቃ ውስጥ ይገባል፤ ተጫዋቹም በሁለት ሌንስ አሻግሮ ያየዋል። ዕቃው ሁለት ዓይነት ነው። የፕላስቲኩ ዋጋ በአሜሪካ 100 ዶላር ገደማ፣ የካርቶኑ 25 ዶላር ገደማ እንደሚሆን ተነገረ።

ይህ የመጫወቻ ነጋዴዎች ጉዳይ እንጂ የመምህራን አይደለም የሚል አንባቢ ሊኖር ይችላል። ሆኖም እንዲህ ያለ መነጽር በትምህርት መርጃ መሣሪያነት ይገዛልን የሚል ሐሳብ በመምህራን መካከል ሲነሣ ይሰማል፤ ውጭ አገር ያለ ዘመድ የላከለት ተማሪም መሣሪያውን በቦርሳው ይዞ ብቅ ማለቱ አይቀርም። እንግዲህ ልንጠይቅ የሚገባን መነጽሩ ያስደንቃል ወይ ብለን አይደለም። ማስደነቁንማ ያስደንቃል። ልንጠይቅ የሚገባን ለዐይን የሚሰጠው ጥልቀት ለሚያየው ሰው ምን ሥራ ይሠራለታል ብለን ነው። የዚህ ጸሐፊ አቋም፣ ጥልቀት ዋጋ የሚኖረው እጅ ወይም አእምሮ ያለ እርሱ ሊፈጽመው የማይችለው ተግባር ሲኖር ነው የሚል ነው። ያለዚያ ጌጥ ነው፤ ለጌጥ ሲባል ደግሞ የልጅ ዐይን ሊደክም አይገባም።

በመጀመሪያ የነገሩን አሠራር እንመልከት። አንባቢው አንድ ጣቱን ከአፍንጫው አንድ ስንዝር ያህል አርቆ ያቁምና ግራና ቀኝ ዐይኑን እያፈራረቀ ይጨፍን። ጣቱ ከበስተኋላው ካለው ግድግዳ አንጻር ወዲያና ወዲህ የሚዘል ይመስላል። ሁለቱ ዐይኖች በ6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ስለሚራራቁ አንደኛው የሚያየው ሌላው ከሚያየው ጥቂት ይለያል፤ አእምሮም ያንን ልዩነት ወደ ርቀት ይተረጉመዋል። ቻርልስ ዊትስተን የተባለው እንግሊዛዊ ይህን በ1838 ባቀረበው ጥናት አስረድቷል። ለማስረጃም በሁለት መስተዋት አማካይነት ለየዐይኑ የተለያየ ሥዕል የሚያሳይ ስቴሪዮስኮፕ የተባለ መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ፎቶግራፍ ለሕዝብ ይፋ የሆነው በ1839 በመሆኑ የዊትስተን ሥዕሎች በእጅ የተነደፉ ተራ መስመሮች ነበሩ። ከዚያ ወዲህ የተለዋወጠው የሥዕሉ አቀራረብ እንጂ መሠረቱ አይደለም። ዴቪድ ብሩስተር በ1849 በመስተዋት ፈንታ ሌንስ አገባ፤ አሜሪካዊው ሐኪም ኦሊቨር ዌንደል ሆምስ በ1861 በእጅ የሚያዝ ቀላል ዓይነት ሠራ፤ በ1939 ደግሞ ቪው ማስተር ሰባት ጥንድ ሥዕሎች ባሉት ክብ ካርድ ለገበያ ቀረበ። የዛሬው የቪዲዮ መነጽር የእነዚህ ሁሉ የልጅ ልጅ ነው።

ቨርቹዋል ቦይን የነደፈው ጉንፔ ዮኮይ ነው። ጌም ቦይ የተባለው በ1989 የወጣ የእጅ መጫወቻ የተገኘው በእርሱ መሪነት ስለሆነ ችሎታው አያጠያይቅም። የዮኮይ ፈሊጥ የሰነበተና የረከሰ ቴክኒክን ለአዲስ ሐሳብ ማዋል ነበር። በ1995 በጃፓንና በአሜሪካ በወጣው ቨርቹዋል ቦይ ውስጥ በእያንዳንዱ ዐይን ፊት በአንድ ረድፍ የተደረደሩ 224 ቀይ የኤል ኢ ዲ ነጥቦች አሉ፤ አንዲት ትንሽ መስተዋት በሰከንድ 50 ጊዜ እየተወዛወዘች ያንን አንድ ረድፍ ሙሉ ሥዕል አድርጋ ትዘረጋዋለች። ብርሃኑ ቀይ ብቻ የሆነው በዚያን ጊዜ ቀይ ኤል ኢ ዲ ርካሽ ስለ ነበረና ኤሌክትሪክ ስለሚቆጥብ ነው። እስከዚህ ድረስ ብልኀቱ የሚደነቅ ነው፤ እንዲያውም ስለ ብርሃን ነጸብራቅ የሚያስተምር የፊዚክስ መምህር ይህቺን የምትወዛወዝ መስተዋት ቢያሳይ ከጨዋታው የበለጠ ያስተምርባታል።

ችግሩ የሚጀምረው መሣሪያው ምን እንደሆነ ለመናገር ሲሞከር ነው። በስድስት ባትሪ ድንጋይ ስለሚሠራ ተንቀሳቃሽ ይባላል፤ ግን በሁለት እግሩ ጠረጴዛ ላይ ይቆምና ተጫዋቹ አጎንብሶ ፊቱን ያስገባበታል። መነጽር ነው ቢባል አይጠለቅም፤ የእጅ መጫወቻ ነው ቢባል በእጅ አይያዝም። ተጫዋቹ የሚያየውን ከእርሱ በቀር ማንም አያይም። ሁለት መሣሪያዎችን በሽቦ የሚያገናኝ ቀዳዳ ተሠርቶለት ነበር፤ ሽቦው ግን ለገበያ ሳይወጣ ቀረ። ወንድምና እኅት አንድ ስክሪን ተሻምተው በሚስቁበት ቤት ይህ መሣሪያ አንዱን ልጅ በጥቁር ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ሌላውን ከውጭ አስቀመጠው።

ጨዋታዎቹስ? በአሜሪካ ከመሣሪያው ጋር አብሮ ይሸጥ የነበረው የማሪዮ ቴኒስ ነው። ኳሱ ሲርቅ ያንሳል፣ ሲቀርብ ይተልቃል፤ ይህንን አንድ ዐይኑን የጨፈነ ተጫዋችም ይገነዘበዋል። ሬድ አላርም በተባለው የአየር ውጊያ ጨዋታ ደግሞ ዕቃው ሁሉ በባዶ መስመር ስለ ተነደፈ የፊቱ ግድግዳና የኋላው ግድግዳ እየተደራረቡ ጥልቀቱ ሊረዳ ቀርቶ ግራ ያጋባል። ከሁሉ የሚሻለው የዋሪዮ ላንድ ነው፤ በእርሱ ባለ ታሪኩ ከቅርቡ መንገድ ወደ ሩቁ ዘሎ ይሄዳል፣ መሰናክሎችም ከሩቅ ወደ ቅርብ ይመጣሉ፤ ስለዚህ ርቀትን መገመት የጨዋታው አካል ይሆናል። አንድ መልካም ጨዋታ ግን አንድን መሣሪያ አያድንም። በጠቅላላው የወጡለት 22 ጨዋታዎች ናቸው፤ የተሸጠውም 770,000 ገደማ ነው። በጃፓን ሽያጩ የቆመው ዓመቱ ሳይሞላ ነው።

ለውድቀቱ ብዙ ሰዎች ቀዩን ቀለም ይወቅሳሉ። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ግን ከቀለሙ ይልቅ የዐይን ድካሙ ይከብዳል፤ ምክንያቱንም መምህራን ሊያውቁት ይገባል። ሰው ቅርብ ነገር ሲያይ ሁለት ሥራዎች አብረው ይፈጸማሉ። ዐይኖቹ ወደ ውስጥ ይዞራሉ፤ በየዐይኑ ውስጥ ያለው ሌንስም ራሱን ለዚያው ርቀት ያስተካክላል። በመነጽሩ ውስጥ ግን ሥዕሉ ዘወትር የሚገኘው በአንድ ርቀት ላይ ነው። ዐይኖቹ ኳሱ መጣ ብለው ወደ ውስጥ ሲዞሩ ሌንሱ ባለበት መቆየት አለበት። ዕድሜ ልካቸውን አብረው የሠሩ ሁለት ሠራተኞች በድንገት ተለያይታችሁ ሥሩ ሲባሉ እንደ ማለት ነው። ኩባንያውም ይህን ስላልሳተው ጨዋታውን በየጊዜው የሚያቆም የዕረፍት ማሳሰቢያ አስገብቶ ነበር፤ ከ7 ዓመት በታች ያሉ ልጆች እንዳይጠቀሙበትም አስጠንቅቋል።

በ2011 የወጣው ሥሪ ዲ ኤስ መነጽር የማያስፈልገው የእጅ መጫወቻ ነው። በስክሪኑ ላይ ያለው ስስ ጋሬጣ ግራ ዐይን አንዱን የሥዕል ሰንበር፣ ቀኝ ዐይን ደግሞ ቀጥሎ ያለውን እንዲያይ ያደርጋል። በጎኑ ላይ ጥልቀቱን የሚጨምርና የሚቀንስ፣ እስከ ባዶም የሚያወርድ ተንሸራታች መቆጣጠሪያ አለው። ለተጠቃሚው ምቾት ነው፤ ለሐያሲ ግን ማስረጃ ነው። ጥልቀቱ ባዶ ሲደረግ ጨዋታው ያለ ችግር የሚቀጥል ከሆነ ጥልቀቱ ከመጀመሪያውም ተግባር አልነበረውም ማለት ነው። በሱፐር ማሪዮ ሥሪ ዲ ላንድ ውስጥ ጎን ለጎን የሚመስሉት ድንጋዮች በእውነት የተራራቁ መሆናቸው ጥልቀቱ ሲከፈት የሚለይባቸው ጥቂት ክፍሎች አሉ። እነዚያ ክፍሎች ግሩም ናቸው፤ ግን ጥቂት ናቸው። ኩባንያው ራሱ በ2013 ያንኑ መሣሪያ ያለ ጥልቀት፣ ቱ ዲ ኤስ ብሎ አወጣው፤ ጨዋታዎቹም አልተጓደሉም። በእኔ ግምት የሥሪ ዲ ኤስ ትልቁ ሀብት ብዙም ያልተወራለት ነው፤ በጀርባው ጎን ለጎን የተቀመጡት ሁለት ካሜራዎች። በእነርሱ ተማሪው ጥልቀት ያለው ፎቶግራፍ ራሱ ያነሣል፤ ተመልካች መሆኑ ቀርቶ ሠሪ ይሆናል።

አሁን ወደ ስዊችና ወደ ካርቶኑ እንምጣ። ስዊች ካርቶን ውስጥ ሲገባ የ2025ቱ ማስታወቂያ የመጀመሪያው አይደለም። በኤፕሪል 2019 ላቦ ቪ አር የተባለ ስብስብ ወጥቶ ነበር። ገዢው የሚያገኘው ጠፍጣፋ ካርቶን ነው፤ ልጁ ራሱ እያጠፈ ሌንስ ያለው መነጽር፣ ካሜራ፣ ወፍ፣ ዝሆንና ሌላም ይሠራበታል። ስዊቹ መነጽሩ ውስጥ ሲገባ 1280 በ720 ነጥብ የሆነው ስክሪን ለሁለት ይከፈላል። ለየዐይኑ የሚደርሰው ግማሽ ስለሆነና ሌንሱም ስለሚያጎላው ነጥቦቹ ይታያሉ፤ የጠራ ሥዕል የሚፈልግ ሰው ያዝንበታል። መነጽሩ የራስ ማሰሪያ የለውም፤ ሆን ተብሎ የተደረገ ነው፤ አንዱ አይቶ ለሌላው እንዲያቀብል ታስቦ ነው። ቨርቹዋል ቦይን የገደለውን ብቸኝነት በዚህ መንገድ ማከማቸው ሊመሰገኑበት ይገባል።

ነገር ግን በዚያው ወር ኩባንያው ብሬዝ ኦቭ ዘ ዋይልድ የተባለው ረጅሙ የዜልዳ ጨዋታ ሙሉ በሙሉ በዚሁ መነጽር እንዲታይ ፈቀደ። ይህ የሚያስተዛዝብ ነው። ጨዋታው በ2017 የወጣው ለተራ ስክሪን ተነድፎ ነው፤ ባለ ታሪኩ ከኋላው ይታያል፣ ከተግባሮቹም ሁለት ዐይንን የግድ የሚል የለም። ተጫዋቹ 400 ግራም የሚጠጋ መሣሪያ በሁለት እጁ ወደ ፊቱ አንሥቶ ለሰዓታት እንዲቆይ የሚጠየቀው ያለ ድካም ወንበር ላይ ተቀምጦ ሊያየው የሚችለውን ለማየት ነው።

ዝሆኑ ግን ሌላ ነገር ነው። ተጫዋቹ የካርቶኑን ኩምቢ በእጁ ይዞ ወደ ፊት ሲዘረጋው በሥዕሉ ውስጥ ያለው መያዣም ወደ ጥልቀቱ ይዘረጋል። አንደኛው ጨዋታ ብይዎች እየተንከባለሉ ወደ ዒላማቸው እንዲደርሱ መንገድ ማበጀት ነው፤ ሌላው በአየር ላይ መሣል ነው። እዚህ ላይ እጅ የት ድረስ መዘርጋት እንዳለበት ዐይን ካልነገረው ሥራው ይበላሻል። አንድ ዐይን የጨፈነ ሰው ወዲያው ይቸገራል። የጠፍጣፋ ሥዕል ጂኦሜትሪ ለምዶ ስለ ኩብና ስለ ፒራሚድ ሲጠየቅ የሚደናገር ተማሪ እጁን ወደ ጥልቀት ሰዶ ቢሠራ ምን ያህል እንደሚረዳው የሒሳብ መምህራን አይጠፋቸውም። በ30 ዓመት ታሪክ ውስጥ መነጽሩና የእጅ መጫወቻው በእውነት የተገናኙት፣ በእኔ አስተያየት፣ በዚህ በካርቶን ዝሆን ላይ ነው። የ2025ቱ ዕቃ ደግሞ የሚያመጣው ዝሆኑን ሳይሆን የ1995ቱን ቀይ ቴኒስ መሆኑ ያሳዝናል።

መሣሪያው ወደ ክፍል ይግባ ለሚሉ ባልደረቦች ሁለት ነገር አስባለሁ። አንደኛው ግልጽ ነው። 60 ተማሪ ባለበት ክፍል አንድ መነጽር ለየተማሪው አንዳንድ ደቂቃ ቢደርሰው እንኳ ክፍለ ጊዜው አልቋል፤ አንዱ ሲያይ ሃምሳ ዘጠኙ ይጠብቃሉ።

ሁለተኛው ይከብዳል። ከየክፍሉ ውስጥ ጥልቀቱ የማይታየው ልጅ ሊኖር ይችላል። ዐይኑ የሚንሸዋረር ወይም አንደኛው ዐይኑ የደከመ ልጅ ሁለቱን ሥዕሎች አንድ አድርጎ ላያያቸው ይችላል። ይህ ልጅ ጓደኞቹ «ወይ ጉድ!» ሲሉ እርሱም ወይ ጉድ ይላል፤ ወይም ዝም ይላል፤ መምህሩም «ልብ ብለህ እይ» ይለዋል። ልብ ማለት የሚያመጣው ለውጥ የለም። የአሜሪካ የዐይን እይታ ባለሙያዎች ማኅበር በ2011 ሥሪ ዲ ኤስ ሊወጣ ሲል፣ ጥልቀቱ የማይታየው ልጅ ዐይኑን ቢመረመር መልካም ነው፣ መሣሪያው ችግሩን ቀድሞ ለማወቅ ሊረዳ ይችላል ብሎ ነበር። የደከመ ዐይን በልጅነት ሲታወቅ ይበልጥ ስለሚታከም ሁለተኛ ደረጃ የደረሰ ተማሪ ዘግይቷል ይባል ይሆናል፤ ቢሆንም ከማይታወቅ ቢታወቅ ይሻላል፤ ታናናሾችም አሉት። ስለዚህ እንዲህ ያለ ነገር የሚያሳይ መምህር ልጁን በክፍሉ ፊት ሳያሳፍር ለብቻው አነጋግሮ ወላጆቹ ወደ ዐይን ሐኪም እንዲወስዱት ማሳሰብ ይጠበቅበታል። መነጽሩ ለትምህርት ቤት ከሚሰጠው ጥቅም ሁሉ ይኸኛው ሳይበልጥ አይቀርም፤ ሻጮቹ ግን በማስታወቂያቸው አያነሡትም።

ለዚህ ደግሞ 100 ዶላር አያስፈልግም፤ የዊትስተን መስመሮች ይበቃሉ። በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን፣ መካከላቸው በ6 ሴንቲ ሜትር ተራርቆ፣ ሁለት እኩል ካሬዎች ይነደፉ። በየካሬው ውስጥ ትንሽ ካሬ ይጨመር፤ በግራው ሥዕል ትንሹ ካሬ ከመካከል ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ቀኝ፣ በቀኙ ሥዕል ሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ግራ ይጠጋ። ማዕዘኖቹ በመስመር ይያያዙ። ከዚያ አንድ ስንዝር ተኩል የሚሆን ካርቶን በሁለቱ ሥዕሎች መካከል ቀጥ ብሎ ቆሞ ጫፉ አፍንጫን ይንካ፤ ተማሪው ሩቅ እንደሚያይ ሰው ዐይኑን ዘና ያድርግ። ሁለት አጉሊ ሌንስ ከተገኘ ይቀላል፤ ካልተገኘም ጥቂት ትዕግሥት ነው። ሁለቱ ሥዕሎች አንድ ሲሆኑ አናቱ የተቆረጠ ፒራሚድ ከወረቀቱ ላይ ብቅ ይላል። ከዚያ በኋላ ሥዕሎቹ ተቆርጠው ግራው በቀኝ፣ ቀኙ በግራ ይቀመጡ፤ ፒራሚዱ ወደ ውስጥ የጎደጎደ ጉድጓድ ሆኖ ይታያል። ለምን እንደሆነ ግን ተማሪዎቹ እስኪከራከሩበት ድረስ መልሱ አይነገራቸው።